ጋዙ የት ሄደ?

በማኅበራችን የግንቦት ወር ጠቅላላ ስብሰባ ላይ የቀረበ ንግግር፤ ደብረ ማርቆስ



ዛሬ እንድናገር የተመረጥኩት በሳቅ ምክንያት ነው። በመጋቢት መጨረሻ ለብድር ኮሚቴው ማመልከቻ አስገብቼ ነበር። «የብድሩ ምክንያት» በሚለው መስመር ላይ «የመኪና ማቀዝቀዣ ለማሠራት» ብዬ ጻፍኩ። ወረቀቱ ሲነበብ ቤቱ በሳቅ ተሞላ። አንዲት እናታችን ጋቢያቸውን እየሰበሰቡ «ልጄ፣ በደብረ ማርቆስ ብርድ ማቀዝቀዣ? ማሞቂያ ብትይ ይሻልሽ ነበር» አሉኝ። እኔም አብሬ ሳቅኩ፤ ውስጤ ግን አፍሮ ነበር። የማኅበሩ ሂሳብ ያዥ እኔ ነኝ። ለዘር፣ ለበግ ማድለቢያ፣ ለልጅ ትምህርት የሚለምኑ እህቶች ባሉበት ቤት ለቅንጦት ገንዘብ የጠየቅኩ መሰለኝ። ጉዳዬ እስኪታይ ድረስ መዝገቡን ለምክትሌ አስረክቤ ከክፍሉ ወጣሁ። ሲጠሩኝ ሰብሳቢያችን «ብድሩ ተፈቅዶልሻል፤ ግን ገንዘቡ ምን እንደሠራ መጥተሽ ትነግሪናለሽ» አሉኝ። እነሆ መጥቻለሁ።

መጀመሪያ ለምን ቅንጦት እንዳልሆነ ልናገር። ከተማችን ከባሕር ወለል በላይ ከ2,400 ሜትር ከፍ ብላ የተቀመጠች ደጋ ናት። እዚህ የመኪና ማቀዝቀዣ ለዓመት ሳይከፈት ቢቀር ማንም ልብ አይለውም። ወደ አዲስ አበባ የሚሄድ ሰው ግን ሉማሜን አልፎ፣ ደጀን ደርሶ፣ ዓባይ በረሃ ይወርዳል። ከደጀን አፋፍ እስከ ድልድዩ ቁልቁለቱ ከ1,000 ሜትር በላይ ነው። ሰው ከከፍታ በወረደ ቁጥር በየ1,000 ሜትሩ ሙቀቱ 6 ዲግሪ ያህል ይጨምራል፤ ገደሉ ደግሞ ንፋስ የማይዘዋወርበት ጎድጓዳ ነው። በሚያዝያ ቀትር ላይ የወረደ ያውቀዋል። ጠዋት ጋቢ ለብሶ የተነሣ ሰው ድልድዩ ላይ ሲደርስ ልብሱ ገላው ላይ ይጣበቃል። ከዚያ እስከ ጎሃ ጽዮን የሚወስደው ዳገት ሌላ ነው። ተሳቢ መኪኖች በእግር በሚሄድ ሰው ፍጥነት ይወጣሉ፤ አንዱ ከተበላሸ ከኋላ ያለው ሁሉ ይቆማል።

ባለፈው ዓመት ሚያዝያ እናቴን አዲስ አበባ ለሕክምና ቀጠሮ ይዣት ሄድኩ። እናቴ የደም ግፊትና የስኳር ሕመም አለባት፤ ኢንሱሊን ትወጋለች። መኪናችን ባለቤቴና እኔ በዕቁብ ገንዘብ የገዛናት አሮጌ ቪትዝ ናት። ደጀንን አልፈን መውረድ ስንጀምር ማቀዝቀዣውን ከፈትኩት፤ የሚወጣው አየር ከውጪው የባሰ ትኩስ ነበር። «ምን ይደረግ፣ መስኮት እንክፈት» ብለን ቀጠልን። ድልድዩን ተሻግረን ዳገቱን እንደ ጀመርን አንድ ተሳቢ መንገዱ ላይ ተበላሽቶ አገኘነው። ከሁለት ሰዓት በላይ ቆምን። ፀሐዩ ከላይ፣ የአስፋልቱ ወላፈን ከታች፣ የጭነት መኪናው ጭስ ከፊት። እናቴ መጀመሪያ ዝም አለች፤ ከዚያ ከንፈሯ ደረቀ፤ ከዚያ የጠየቅኳትን መመለስ አቃታት። ከአውቶቡስ የወረዱ መንገደኞች ነጠላ ወጥረው ጥላ ሠሩላት፤ አንገቷንና ብብቷን በእርጥብ ጨርቅ እያበስን፣ ውሃ በትንሽ በትንሹ እያጠጣን አነቃናት። ኢንሱሊኑን ደግሞ እኔ በስንፍናዬ የፊት ለፊት መሳቢያ ውስጥ፣ ፀሐይ በሚመታው በኩል አስቀምጬው ነበር። አዲስ አበባ ስንደርስ ሐኪሙ «ይህን ጣሉት» አለ። እናቴ ዳነችልኝ። እኔ ግን ያቺን ሁለት ሰዓት አልረሳኋትም።

ከመንገድ እንደ ተመለስኩ መኪናዋን ጋራዥ ወሰድኩ። ሠራተኛው ኮፈኑን ከፍቶ አንድ ጊዜ አየና «ጋዝ ጨርሷል» አለኝ። 2,000 ብር ከፈልኩ፤ ሞላልኝ፤ እውነትም ቀዘቀዘች። ደስ ብሎኝ ወደ ቤቴ ሄድኩ። ሰኔ አጋማሽ ላይ ጉም በወረደበት ጠዋት የፊት መስታወቱ ሲደፈን ማቀዝቀዣውን ብከፍተው ምንም የለም። «ክረምት ነው፣ ይቆይ» አልኩ። ዘንድሮ በመጋቢት የእናቴ ቀጠሮ ሲቃረብ ሌላ ጋራዥ ሄድኩ። እሱም «ጋዝ ጨርሷል» አለ። አሁን ዋጋው 2,400 ብር ሆኗል። ሞላልኝ። በሁለተኛው ሳምንት ተመልሳ ትኩስ ሆነች።

የሚያሳፍረኝን ልንገራችሁ። ሁለቱንም ጊዜ የከፈልኩት ያለ ደረሰኝ ነው። ምን እንደ ተሠራ የሚገልጽ አንድ መስመር ጽሑፍ አልጠየቅኩም። እናንተ የሳሙና መግዣ 60 ብር ስታወጡ ደረሰኝ ካላመጣችሁ የማላልፍ እኔ፣ 4,400 ብር በቃል ብቻ አወጣሁ። ለምን? ጋራዥ የወንዶች ቤት መሰለኝ። «አታውቅም» እንዳልባል ፈርቼ አንድ ጥያቄ እንኳ ሳልጠይቅ ወጣሁ።

በዚያ ሌሊት እንቅልፍ እምቢ ሲለኝ አንድ ነገር አሰብኩ። ነዳጅ ይቃጠላል፣ ያልቃል። ይህ ጋዝ ግን የት ነው የሚሄደው? ሂሳብ የያዘ ሰው ሁሉ መጀመሪያ የሚጠይቀው ይህን አይደል? ከዚያ በኋላ ሙያውን የሚያውቁ ሰዎች ጠየቅኩ፤ መልሳቸው አንድ ነበር። የማቀዝቀዣ ጋዝ አይቃጠልም፣ ፍጆታም የለውም። ዙሪያው በተዘጋ ቱቦ ውስጥ ያለማቋረጥ የሚዞር ነው። ከጎደለ የሚፈስበት ቀዳዳ አለ ማለት ነው።

አሠራሩን ለመረዳት ምህንድስና አያስፈልገንም፤ ከመካከላችን አረቄ የምታወጡ እናቶች አብዛኛውን ታውቁታላችሁ። ድስቱ ሲፈላ እንፋሎቱ በመቃው አድርጎ ወደ መቀበያው ይሄዳል። መቀበያው ቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ ስለ ተቀመጠ እንፋሎቱ ሙቀቱን ለውሃው ሰጥቶ ፈሳሽ ይሆናል። ውሃው ሲሞቅ ትለውጡታላችሁ፤ ካልለወጣችሁት አረቄው አይንጠባጠብም። በመኪናዋም ኮምፕሬሰር የሚባለው ዕቃ ጋዙን ይጨምቀዋል፤ ሲጨመቅ ይግላል። ከራዲያተሩ ፊት ለፊት ባለው ኮንደንሰር ውስጥ ሲያልፍ ሙቀቱን ለንፋስ ሰጥቶ ፈሳሽ ይሆናል። ያ ፈሳሽ ቀጥሎ በጠባብ ቀዳዳ አልፎ ዳሽቦርዱ ሥር ወዳለው ኢቫፖሬተር ይገባና እንደገና ይተናል። የሚተን ነገር ሙቀት ይወስዳል። ነርሷ ከመርፌ በፊት ክንዳችንን በአልኮል ስትጠርገን የሚቀዘቅዘን በዚህ ነው፤ ገንቦ ውሃን የሚያቀዘቅዘውም ላቡ ሲተን ነው። እንግዲህ ማቀዝቀዣው ብርድ የሚፈጥር ሳይሆን፣ ከውስጥ ያለውን ሙቀት ተሸክሞ ውጪ የሚጥል ተሸካሚ ነው። ጋዙ ተሸካሚው ነው።

ይህን ከያዝኩ በኋላ ወደ ሦስተኛ ባለሙያ ሄድኩ። የእናንተ 5,000 ብር በእጄ ነበር፤ የማኅበር ገንዘብ ስለሆነ በዝምታ ላወጣው አልቻልኩም። ገና ኮፈኑን ሳይከፍት ሦስት ነገር ጠየቅኩት። «ከመሙላትህ በፊት የሚያፈስበትን ትፈልጋለህ? የምትቀይረውን አሮጌ ዕቃ ታሳየኛለህ? የዕቃውንና የእጅ ዋጋውን ለይተህ ትጽፍልኛለህ?» ሰውየው ትንሽ ፈገግ አለና «እንዲህ የሚጠይቅ ሰው ቢበዛልኝ ሥራዬም ይከበር ነበር» አለኝ።

ሥራውን ቆሜ ተከታተልኩ። መጀመሪያ በቫኪዩም ፓምፕ ከቱቦው ውስጥ ያለውን አየርና እርጥበት ግማሽ ሰዓት ያህል ሳበ፤ ከዚያ ፓምፑን አጥፍቶ ቆጣሪውን እንድመለከት አደረገኝ። መርፌው ባለበት መቆም ሲገባው ቀስ እያለ ተመለሰ። «አየሽ? አየር እየገባ ነው። አየር የሚገባበት ጋዝም ይወጣበታል» አለኝ። ከዚያ በናይትሮጅን ግፊት ሞልቶ በየመገጣጠሚያው የሳሙና አረፋ ቀባ። ከኮንደንሰሩ ጎን ባለ አንድ መገጣጠሚያ ላይ አረፋው እንደ ተልባ መፍላት ጀመረ። ቦታው ዙሪያውን በዘይት ቆሽሾ ነበር። ጋዙ ሲወጣ ኮምፕሬሰሩን የሚያለሰልሰውን ዘይት አብሮ ይዞ ይወጣል። ስለዚህ እያፈሰሰ ደጋግሞ የተሞላ መኪና ብርዱን ብቻ አይደለም የሚያጣው፤ በመጨረሻ ኮምፕሬሰሩ ደርቆ ይሞታል። የሱ ዋጋ ደግሞ የዚህ ሁሉ ብዙ እጥፍ ነው።

ሲፈታው በውስጡ ያለችው ቀለበት መሳይ ጎማ፣ ኦሪንግ የሚሏት፣ ደርቃ ተሰነጣጥቃለች። ለምን እንደ ደረቀች ስጠይቀው መልሱ የኛን አገር የሚመለከት ነው። ማቀዝቀዣው ሲሠራ ዘይቱ ከጋዙ ጋር እየዞረ ጎማዎቹን ያርሳል፤ እኛ ደጋ ያለን ሰዎች ግን ለወራት አንከፍተውም። ቆጥቤያለሁ ስል ማድረቄ ነበር። የኮንደንሰሩ ክንፎችም በአቧራና በነፍሳት ተደፍነዋል። ከመሳቢያው ጀርባ ያለውን የአየር ማጣሪያ ሲያወጣው ደግሞ ሁላችንም ሳቅን፤ የጤፍ ገለባ ነው የሞላው! በጥርና በታኅሣሥ በየአውድማው ዳር ያለፍኩበት ሁሉ እዚያ ተከማችቷል።

ሂሳቡ እንዲህ ነው። ለፍተሻ፣ ለቫኪዩምና ለእጅ ዋጋ 1,200 ብር፤ ለሁለት ኦሪንግ 150 ብር፤ እርጥበት የሚይዘውን ድራየር ለመቀየር 900 ብር፤ ለአየር ማጣሪያ 350 ብር፤ ለጋዝ 2,000 ብር። ድምሩ 4,600 ብር ነው። ቀሪውን 400 ብር በዚያው ሳምንት ለማኅበሩ መልሻለሁ፤ ደረሰኙም ከመዝገቡ ጋር ተያይዟል። ከዚህ ዝርዝር አንዷን መስመር ተመልከቱልኝ። በሽታው ያለው በ150 ብሩ መስመር ላይ ነው። እሱን የፈለገ ሰው ስላልነበረ 4,400 ብር አየር ላይ በተንኩ። አየር ላይ ስል በምሳሌ አይደለም። የአብዛኞቹ አሮጌ መኪኖች ጋዝ አር 134 ኤ የሚባለው ነው። ኦዞንን የሚጎዳውን የቀድሞውን ጋዝ ተክቶ የመጣ ነው፤ ኦዞንን ባይነካም አንዱ ኪሎ ምድርን በማሞቅ ከካርቦን ዳይኦክሳይድ ከሺህ እጥፍ በላይ ይበልጣል። ገንዘቤንም ሰማዩንም ጎዳሁ ማለት ነው።

መኪና የሌላችሁ እህቶች «ይህ እኛን ምን አገባው?» ትሉ ይሆናል። አምና በግማሽ ዓመቱ መዝጊያ ሣጥናችን 3,200 ብር ጎድሎ መገኘቱን ታስታውሳላችሁ። ገንዘቡ ብዙ አልነበረም፤ «እያንዳንዳችን ጥቂት ጥቂት አዋጥተን እንሙላውና ይለቅ» የሚል ሐሳብ ቀርቦ ብዙዎቻችን እጅ ልናወጣ ነበር። ያን ጊዜ ዛሬ ስለ ብርዱ የቀለዱብኝ እናታችን ተነሥተው «የት እንደ ሄደ ሳናውቅ አንሞላም» አሉ። ሦስት ቀን ፈለግን። የተሰጡ ሁለት ብድሮች በብጣሽ ወረቀት ተጽፈው ወደ መዝገብ ሳይገቡ ቀርተው ነበር። ስህተቱ የእኔ ነበር። ሞልተነው ቢሆን ኖሮ እኔም አልታረምም፣ በሚቀጥለው ዓመትም እንደገና ይጎድል ነበር፤ ከሁሉ የከፋው ግን እርስ በርስ መጠራጠራችን ነበር። ያን ትምህርት ከእናታችን ተምሬ ሳበቃ፣ ጋራዥ ስገባ ረሳሁት። ለዚህ ነው ዛሬ ደግሜ የምናገረው።

አሁን ረዥም መንገድ ለምትሄዱ፣ በራሳችሁም ሆነ በኮንትራት መኪና፣ የተማርኩትን በአጭሩ ልዘርዝር።

አንደኛ፣ ከጉዞው ሁለትና ሦስት ሳምንት ቀድማችሁ አስፈትሹ። ሞተሩ በርቶ ማቀዝቀዣው ሲከፈት ከኮፈኑ ሥር «ጠቅ» የሚል ድምፅ ይሰማል። ካልተሰማ ጋዙ ጎድሎ ወይም ኤሌክትሪኩ ተቋርጦ ሊሆን ይችላል። ስትሄዱ ቀዝቅዞ ስትቆሙ የሚሞቅ ከሆነ የኮንደንሰሩን ፋን አስመልክቱ።

ሁለተኛ፣ «ጋዝ ጨርሷል» የሚለውን የጥያቄ መጀመሪያ እንጂ መልስ አድርጋችሁ አትቀበሉ። ጋዙ በሚዛን ይሞላል፤ መጠኑ በግራም ኮፈኑ ሥር በተለጠፈው ጽሑፍ ላይ አለ፤ በትንንሽ መኪኖች ግማሽ ኪሎ እንኳ አይሞላም። ከልክ በላይ መሙላት ብርድ አይጨምርም፣ ይጎዳል። የወጥ ቤት ጋዝ ልሙላበት ወይም በኦክስጅን ግፊት ልፈትሸው የሚል ሰው ካጋጠማችሁ መኪናችሁን ይዛችሁ ውጡ፤ የመጀመሪያው ይቃጠላል፣ ሁለተኛው ከዘይት ጋር ሲገናኝ ይፈነዳል።

ሦስተኛ፣ ብርድም ቢሆን በወር አንድ ጊዜ አሥር ደቂቃ ክፈቱት። በክረምት ጉም መስታወት ሲደፍን ከማሞቂያው ጋር አንድ ላይ ክፈቱት፤ ማቀዝቀዣው የአየሩን እርጥበት ስለሚያወጣ መስታወቱ ቶሎ ይጠራል። እንግዲህ ለኛ የደጋ ሰዎች ማቀዝቀዣ የማየት ጉዳይም ነው።

አራተኛ፣ ዓባይን ስትወርዱ ሾፌሩ በከባድ ማርሽ ይውረድ፤ ፍሬን ብቻ አያቃጥል። ዳገቱን ስትወጡ የሞተሩን የሙቀት ምልክት እዩ። ከፍ ካለ ማቀዝቀዣውን አጥፉት፤ የጋለ ራዲያተር ክዳን በፍጹም አትክፈቱ። ሕፃንና አቅመ ደካማ በቆመ መኪና ውስጥ ዘግታችሁ አትውረዱ።

አምስተኛ፣ ማቀዝቀዣው ቢሠራም ባይሠራም ከበቂ በላይ ውሃ ያዙ፣ በማለዳ ተነሡ። ኢንሱሊን የያዘ ሰው ፀሐይ በማያገኘው ቦታ፣ በእርጥብ ጨርቅ በተጠቀለለ ዕቃ ውስጥ ያድርገው፤ በረዶ ላይም በቀጥታ አያስቀምጠው፤ በረዶ ከሆነ በኋላ ቢሟሟም አይጠቅምም።

በዚህ ሚያዝያ እናቴን ይዤ ሄድኩ። ከንጋቱ 12 ሰዓት ላይ ተነሣን። ደጀን ላይ መስኮቱን ዘግቼ ማቀዝቀዣውን ከፈትኩ። ድልድዩ አጠገብ የውጪውን ሙቀት በመስታወቱ ስነካው ይፋጃል። እናቴ ነጠላዋን ወደ ትከሻዋ ሳብ አደረገችና «ልጄ፣ ደጋውን ይዘነው ወረድን እኮ!» አለችኝ። ዳገቱ ላይ እንደ አምናው ከተሳቢዎች ኋላ ለጥቂት ጊዜ ቆመን ነበር። አምና የቆምንበትን ቦታ አወቅኩት። እናቴ አላወቀችውም፤ ተኝታ ነበር።

ከብድሩ እስከ ዛሬ አንድ ወር ከፍያለሁ፤ የቀረኝ ሰባት ወር ነው። ምክትሌ መዝገቡን ይዛለች፣ የፈለገ ያያል። ገንዘባችሁ የሠራው ይህን ነው። ለድጋፍ አድራጊዎቻችንም የምለው ይኸው ነው፤ ከሣጥናችን የጎደለ ነገር ቢኖር እንድትሞሉልን ከመጠየቃችን በፊት የት እንደ ሄደ እንነግራችኋለን።